ስለ አሮጌ አውቶሞቢል የበር ገበር አጠጋገን



ካባ በሚመረጥ ጊዜ ሰው ሁሉ ፊቱን ይመለከታል እንጂ ገበሩን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ገበሩ የተበላ ካባ ፊቱም ብዙ እንደማይቈይ የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቁታል። የአውቶሞቢልም ነገር እንዲሁ ነው። ባለቤቱ ሞተሩን ያስመረምራል፤ ጎማውን ይለውጣል፤ የውጭ ቀለሙን ያስወለውላል። በየቀኑ ክንዱ የሚያርፍበትን፣ በረዥም መንገድም ልጆቹ ተደግፈው የሚያንቀላፉበትን የበሩን ገበር ግን አብጦና ተንጋዶ፣ ቆዳውም ተሰንጥቆ እስኪያየው ድረስ አያስታውሰውም።

ባስታወሰውም ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ከላይ አዲስ ቆዳ ማስለበስ ብቻ ነው። አዲሱ ቆዳ ለጥቂት ወር ያምራል፤ አንድ ክረምት ሲያልፍ ግን እንደ ገና ይነሣል፤ ይሸታል፤ ይንጋደዳል። ገንዘቡና ድካሙ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ሠራተኛው እጀ ሰባራ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሕመሙ በጀርባ ሳለ መድኃኒቱ በፊት ስለ ተደረገ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የበር ገበር ከምን የተነሣ እንደሚበላሽና እንዴት ተደርጎ እንደሚታደስ በተራ እናስረዳለን።

አሮጌ መኪና ለምን ይጠበቃል

ቤድ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም ገደማ ሲድሊ የምትባለውን መኪና ለዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ካመጣ ወዲህ አውቶሞቢል በአገራችን እየበዛ ሄዷል። በአገራችን የመኪና ዕድሜ ረዥም ነው። በሌላ አገር ተጥሎ ብረቱ የሚቀልጠው መኪና በእኛ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለዚህ ቮልስ ዋገን ጥሩ ምስክር ትሆናለች። በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን የሚበልጡ ተሠርተው በ1995 ዓ.ም የመጨረሻዪቱ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከወጣች በኋላ እንኳ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ስትመላለስ ኖራለች።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ያለውን መኪና መጠበቅ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ነገር ሆኗል። በ2012 ዓ.ም በወጣው በዐዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ተጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጁ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንግዲህ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ ጥፋቱ ሳይበዛ ቢጠግን ይጠቀማል።

የወለቃ ሸክላ የሚያስተምረን

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን 6 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ወለቃ ትገኛለች። በዚህች መንደር የቤተ እስራኤል ወገኖች ለብዙ ዘመን ኖረውባታል። ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸማ ሲሠሩ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሲሠሩ ስሟ ተጠርቷል። በ1977 ዓ.ም በሱዳን በኩል፣ በኋላም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተጓዙ ጊዜ ከጎንደር አካባቢ ብዙዎች ሄደዋል። ሆኖም ወለቃ ሲባል እስከ ዛሬ ለሰው ትዝ የሚለው የሸክላ ሥራዋ ነው።

ሸክላ ሠሪ ሴት ጀበናዋን አበጅታ ከጨረሰች በኋላ በችኮላ ወደ እሳት አታስገባውም። በጥላ አኑራ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ታደርጋለች። በገላው ውስጥ የቀረው እርጥበት በእሳት ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ሲያጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋልና ነው። የበርን ገበር የሚያድስ ሰውም ይህንኑ ሕግ መጠበቅ ይገባዋል። እርጥበቱ ሳይወጣ የተለበጠ ገበር፣ ሳይደርቅ እሳት እንደ ገባ ጀበና ነው።

የጥፋቱ ምክንያት

የአውቶሞቢል በር ውስጡ ባዶ ነው። በውጭ በኩል ብረት፣ በውስጥ በኩልም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ብረት አለ፤ መስተዋቱ በሚወርድበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ይገባል። ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ በመስተዋቱ ላይ የሚወርደው ውኃ ከፊሉ በጎማው ከንፈር አልፎ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ይህ የመኪናው ጉድለት አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች አስቀድመው ያሰቡት ነው። ስለዚህም በበሩ ግርጌ ውኃው የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አድርገዋል፤ በውስጠኛው ብረትና በገበሩ መካከልም ሰም የተቀባ ወረቀት ወይም ላስቲክ ጋርደዋል።

ገበሩ ራሱ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ከእንጨት ድቃቂ ተጨምቆ የተሠራ ስስ ሰሌዳ ነው፤ በላዩም ቆዳ ወይም ቆዳ መሰል ላስቲክ ተለብጧል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ደረቅ ሆኖ ሲኖር ብዙ ዘመን ይቈያል፤ ውኃ የነካው እንደ ሆነ ግን እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። ሲያብጥ ይንጋደዳል፤ የተያዘባቸው ክሊፖችም ቀዳዳቸውን ቀደው ይወጣሉ፤ ማስቲሹ ይለቃል፤ ሻጋታም ይበቅላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ወይ ቀዳዳዎቹ በአፈርና በቅጠል ተደፍነው ውኃው በበሩ ሆድ ሲጠራቀም፣ ወይም ከዚህ በፊት በሩን የከፈተ ሰው መጋረጃውን ቀድዶ ሳይመልሰው ሲቀር ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ይባላል፤ የገበሩ ፊት ደኅና መስሎ ሲታይ ጀርባው በስብሶ ይገኛል።

ሁለተኛው ጠላት ፀሐይ ነው። ጎንደርን በመሰለ ከፍተኛ አገር የፀሐይ ብርሃን ኃይሉ ብርቱ ነው፤ ቆዳ መሰሉን ላስቲክ ለስላሳ የሚያደርገውን ቅባት እያወጣ ያደርቀዋል፤ የደረቀውም ይሰነጠቃል። ሦስተኛው አቧራ ነው፤ በክንድ ላብ ተለውሶ በማሳረፊያው ላይ ሲታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ነገር ግን ፀሐይና አቧራ የሚያጠፉት ፊቱን ብቻ ነው። ሰሌዳውን የሚያፈርሰው ውኃ ነውና መጀመሪያ እርሱን መፈለግ ይገባል።

የምርመራው መንገድ

ገበሩ ሳይነቀል የበሩን ሁኔታ በሦስት ነገር ማወቅ ይቻላል። አንደኛ፤ የገበሩን ግርጌ ጫፍ በአውራ ጣት መጫን ነው፤ ከለሰለሰ ወይም ከሰረጐደ ውኃ ገብቶታል። ሁለተኛ፤ መኪናው ተዘግቶ ካደረ በኋላ በማለዳ በሩን ከፍቶ ማሽተት ነው፤ የሻጋታ ሽታ አይሸሸግም። ሦስተኛ፤ በተዘጋው መስተዋት ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ በቀስታ ማፍሰስና ከበሩ ግርጌ የሚወጣውን መመልከት ነው። ወዲያው ቢንጠባጠብ መልካም ነው፤ ባይወጣ ግን ቀዳዳው ተደፍኗል።

አነቃቀሉ

1ኛ፤ ከመንቀል በፊት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደ ወጣ ኋላ ያስታውሳል።

2ኛ፤ የመስተዋት ማዞሪያው እጀታ ይወጣል። የእጀታው አያያዝ በየመኪናው ይለያያል። በአንዳንዱ በትንሽ ክዳን ሥር የተሸሸገ ብሎን አለ። በቀድሞዎቹ ቮልስ ዋገኖች በእጀታው ሥር ያለው ክብ ሳሕን ወደ ኋላ ሲጫን ትንሽ ቀጭን ብረት ይገለጣል፤ እርሱ ተገፍቶ ይወጣል። በሌሎች መኪናዎች ደግሞ የፈረስ ኮቴ የመሰለ የሽቦ ሞላ ይይዘዋል፤ ለዚህ ቁራጭ ጨርቅ በእጀታውና በሳሕኑ መካከል አስገብቶ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ መሳብ ነው፤ ጨርቁ የሞላውን ጫፍ ይዞ ያወጣዋል። ሞላው ተፈናጥሮ ስለሚጠፋ በሌላው እጅ መሸፈን ይገባል።

3ኛ፤ የክንድ ማሳረፊያው ብሎኖችና የመቆለፊያው ራስ ይፈታሉ።

4ኛ፤ አፉ ሰፊ የሆነ ካቻቢቴ በጨርቅ ተጠቅልሎ በገበሩ ጠርዝ ይገባና በእያንዳንዱ ክሊፕ አጠገብ ብቻ ቀስ ተብሎ ይነሣል። ከክሊፕ ርቆ የሚፈነቅል ሰው ሰሌዳውን ይሰብራል። ክሊፖቹ ሁሉ ሲለቁ ብዙዎቹ ገበሮች በላይ ጫፋቸው በመስተዋቱ አፍ ላይ ስለሚንጠለጠሉ ወደ ላይ ተነሥተው ይወጣሉ እንጂ ወደ ራስ አይጐተቱም።

የመስተዋት ማንሻና መቆለፊያ በኤሌክትሪክ በሚሠራበት፣ በበሩም ውስጥ የአደጋ ጊዜ ከረጢት መሣሪያ ባለበት መኪና ሥራውን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

በሩን ማዳን

ገበሩ ወጥቶ ሳለ ለበሩ ሆድ የሚደረገው ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። በግርጌ ያሉት ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት ይጠረጋሉ፤ ማስፋት ግን አይገባም። የተጠራቀመው አፈር ይወጣል። የዛገው ቦታ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ከደረቀ በኋላ ዝገት የሚከለክል ቀለም ይቀባል። የመስተዋቱ ማንሻ በጥቂት ግራሶ ይለሰልሳል፤ የጎማው ከንፈር ጠንክሮ ከተሰነጠቀም ይለወጣል።

ከዚህ በኋላ አዲስ መጋረጃ ይደረጋል። ጠንካራ ላስቲክ በአሮጌው ልክ ተቈርጦ ዙሪያውን በማይደርቅ ማጣበቂያ ይያዛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የላስቲኩ የታች ጫፍ በብረቱ ቀዳዳ በኩል ወደ በሩ ሆድ ውስጥ መታጠፍ አለበት። እንዲህ ከሆነ በላስቲኩ ላይ የሚወርደው ውኃ ተመልሶ ወደ በሩ ሆድ ገብቶ በግርጌው ቀዳዳ ይወጣል። የታች ጫፉ በውጭ ከቀረ ግን መጋረጃው ራሱ ውኃውን ወደ ገበሩ የሚመራ አሸንዳ ይሆናል። የላስቲኩ ዋጋ በጣም ትንሽ ሳለ ብዙ ገበር የሚጠፋው በዚህች ነገር ምክንያት ነው።

ሰሌዳውን ማቃናት

እርጥብ የሆነው ሰሌዳ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ አንዱ ፊት ከሌላው አስቀድሞ ሲደርቅ ይብሱን ይንጋደዳልና። ነፋስ በሚገባበት ጥላ፣ በሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች መካከል ተደርጎ ከላዩ ክብደት ይጫንበታል፤ በየቀኑም እየተገላበጠ ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ይጠበቃል። ጠርዙ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተገለጠ እንደ ሆነ በመካከሉ የእንጨት ኮላ ገብቶ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በጣውላ ተጨምቆ ያድራል።

ሰሌዳው ከበሰበሰ ግን ማስታመሙ ከንቱ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮምፔንሳቶ አሮጌውን እንደ ናሙና አድርጎ አዲስ መቍረጥ ይሻላል። የቀኙና የግራው በር ፊታቸው ተቃራኒ ስለ ሆነ ከመቍረጥ በፊት የፊቱን ወገን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። አዲሱ ሰሌዳ ከመለበጡ አስቀድሞ ፊቱም ጀርባውም፣ ከሁሉም ይልቅ ጠርዙና የክሊፕ ቀዳዳዎቹ፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀቡ። እንጨት ውኃ አብዝቶ የሚጠጣው በጠርዙ በኩል ነውና።

ፊቱን ማደስ

አሮጌው ልብስ ጤነኛ ከሆነ መጣል አያስፈልግም። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ በንጹሕ ጨርቅ ተወልውሎ ይደርቃል። ቤንዚንና በረኪና ግን ሊነኩት አይገባም፤ ቀለሙን ይገፍፉታል፤ ገላውንም ያደርቁታል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደ ተባለው እንዳይሆን፣ ማናቸውም ማጠቢያ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ ይፈተን። እውነተኛ ቆዳ ለሆነው የቆዳ ቅባት በጥቂቱ ይበቃዋል። የምግብ ቅቤና ዘይት መቀባት ግን አይጠቅምም፤ ይከረፋል፤ አቧራም ይሰበስባል።

ትንሽ ቀዳዳ ከጀርባው በጨርቅ ተደግፎ፣ በሚለጠጥ ማጣበቂያ ይዘጋል። የተፈታ ስፌት በቀድሞዎቹ የመርፌ ቀዳዳዎች ይሰፋ እንጂ አዲስ ቀዳዳ አይብዛበት፤ ብዙ ቀዳዳ ቆዳን እንደ ተበሳ ወረቀት ያደርገዋል። ቀለሙ የለቀቀ እንደ ሆነ ለቆዳ መሰል ላስቲክ የተሠራ ልዩ ቀለም በስሱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይቀባል። የግድግዳና የበር ዘይት ቀለም ግን ከተጣጠፈ ይሰነጠቃል፤ በሙቀት ጊዜም ልብስ ላይ ይጣበቃል።

አዲስ ልብስ የሚያስፈልግ ሲሆን ከሰሌዳው በየወገኑ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይቈረጣል። ማስቲሹ በሰሌዳውም በልብሱም ላይ በስሱ ይቀባል፤ ጣት ሲነካው ሳይነሣ እስኪጨመድድ ድረስም ይታገሡታል። ከዚያ ከመካከል ወደ ዳር በመዳፍ እየተጫነ ይለጠፋል። በጥግ ጥጉ ትርፉ በሾጣጣ ተቈርጦ ወደ ጀርባ ይታጠፋል፤ እንዲህ ካልተደረገ ጥጉ ይቋጠራል። የማስቲሽ ሽታ ራስን ያዞራል፤ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ሥራው በደጅ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ቤት፣ ከከሰል ምድጃና ቡና ከሚፈላበት ቦታ ርቆ፣ ሕፃናትም በሌሉበት ይሁን።

ስለ ልብሱ ምርጫ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከውጭ የመጣ ላስቲክ ብቻ ለመኪና ይገባል የሚል ሕግ የለም። በአገራችን እጅ የተለፋ የበግ ቆዳ ለክንድ ማሳረፊያ ለስላሳና ጠንካራ ነው። ጫማ የማይነካው የገበሩ የላይኛው ክፍል ደግሞ በሸማኔ እጅ በተሠራ ወፍራም የጥጥ ልብስ ቢለበስ ያማረ ይሆናል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ግን ከመቈረጡ በፊት ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ይድረቅ። የታችኛው ክፍል ውኃና ጭቃ ስለሚነካው ቆዳ መሰሉ ላስቲክ ይሻለዋል።

መልሶ መግጠምና ኋላም መጠበቅ

ገበሩ ከመገጠሙ በፊት መስተዋቱን ደጋግሞ ማውጣትና ማውረድ፣ በሩንም መቆለፍና መክፈት ያስፈልጋል፤ ጉድለት ቢኖር አሁን ይታያል። የላላና የዛገ ክሊፕ በአዲስ ይለወጥ። ገበሩ በላይ ጫፉ ከተንጠለጠለ በኋላ እያንዳንዱ ክሊፕ በትክክል በቀዳዳው አንጻር መሆኑ ታይቶ በመዳፍ ይጫናል፤ በመካከሉ በጡጫ አይመታም። በመጨረሻ በመስተዋቱ ላይ እንደ ገና ውኃ ይፈስና ከግርጌው መውጣቱ ይረጋገጣል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለት ክረምት ሳይገባ በግንቦት፣ ክረምትም ሲወጣ በመስከረም፣ የበሩን የግርጌ ቀዳዳዎች መመልከት ልማድ ይሁን። አቧራው አስቀድሞ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይራገፍ፤ በእርጥብ ጨርቅ የታሸ አቧራ ጭቃ ሆኖ ይፍቃልና። መኪናውም በሚቻል ጊዜ በጥላ ይቁም።

ሥራውን በገዛ እጃቸው የማይሠሩ አንባቢዎቻችን መኪናቸውን ለባለሙያ በሚሰጡበት ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ይኸውም ገበሩ ከመዘጋቱ በፊት የበሩን ሆድና መጋረጃውን እንዲያሳያቸው ነው። ጥሩ ሠራተኛ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም የማይታየውን ሥራውን የሚያይለት ሰው በማግኘቱ ይደሰታል። ዋጋውንም በሚነጋገሩበት ጊዜ በፊት በኩል የሚታየውን ብቻ አይቍጠሩ፤ ያደረቀበትን ቀን፣ የጠረገውን ቀዳዳና ያጠፈውን ላስቲክ ጭምር ይቍጠሩለት።

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንዳይኖር ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ይህ ዐዋጅ የተነገረው የእነዚህ ሰዎች እጅ አገርን የሚያቆም መሆኑ ስለ ታወቀ ነው። ዛሬም የሸክላን አደራረቅ የሚያውቀው፣ ጥጥን የሚሸምነው፣ ቆዳን የሚያለፋው እጅ የአሮጌ መኪናን ገበር ለማደስ የሚያንሰው ዕውቀት የለም። የሚጐድለው ሥራውን የሚያዝዘው ሰው ነው። እንግዲህ ባለ መኪናው አዲስ ቆዳ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከመላክ በፊት በሩን ይክፈት፤ ቀዳዳውን ይጥረግ፤ ከዚያም በአቅራቢያው ያለውን ባለ እጅ ይጥራ።